የአንድ የቀድሞ ብሔራዊ ተጫዋች የሥራ ልምድ ፍለጋ፦ የጉዳይ ጥናት ከስታዲየም አካባቢ

ይህን ለምን ጻፍኩት

ከእሱ ጋር ስታዲየም አካባቢ በፍጥነት መሄድ አይቻልም። ከራስ ሆቴል ተነስተን መስቀል አደባባይ እስክንደርስ ቢያንስ አምስት ሰው ያስቆመናል። ሊስትሮው፣ ማሊያ ሻጩ፣ የታክሲ ተራ አስከባሪው፣ ሁሉም በቅጽል ስሙ ይጠሩታል። አንዳንዱ ከሃያ ዓመት በፊት የተደረገ ጨዋታን ከነደቂቃው ያስታውሰዋል። እሱም ቆሞ ይሰማል። ቸኩሎ ሰው ጥሎ ሲሄድ አይቼው አላውቅም።

ይህ ሰው በ2015 ሥራ ሊወዳደር ሲሄድ፣ በሕይወቱ አንድም ቀን ሥራ ላይ እንደነበረ የሚያሳይ ወረቀት በእጁ አልነበረም። ከ1990 እስከ 2002 በአገሪቱ ከፍተኛ ሊግ ተጫውቷል። የብሔራዊ ቡድን ማሊያ ለብሷል። ቅጹን የተቀበለችው ሠራተኛ ግን የሥራ ልምድ በሚለው ቦታ ላይ ባዶ መስመር ነው ያየችው።

እኔ በሰው ኃይል አስተዳደር ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። የጠፋ ማኅደር መፈለግ፣ የተበላሸ የቅጥር ቀን ማስተካከል የዘወትር ሥራዬ ነው። ከእሱ ጋር የሰፈር ልጆች ነን። ወረቀቱን አብረን አሳደድነው። መንገዱ ረጅም ነበር፤ ከመንገዱ ላይ የተማርኩት ነገር ለሌሎች ተጫዋቾችና ለቤተሰቦቻቸው ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ስሙን፣ የክለቦቹን ስምና የሄድንባቸውን መሥሪያ ቤቶች አልጠቅስም። ጽሑፉን ከማውጣቴ በፊት እሱ አንብቦታል። ሁለት ቦታ ላይ አርሞኛል።

ሰውዬው

የተወለደው ካዛንችስ ነው፤ በ1971። አባቱ ሾፌር ነበሩ። እናቱ እንጀራ ጋግረው ይሸጡ ነበር። ኳስ የጀመረው እንደማንኛችንም በካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ ነው። ቁመቱ አጭር፣ ግራ እግሩ ጥሩ ነበር። ሰፈር ውስጥ ትልልቆቹ ሲጫወቱ የሚሞላ ሰው ሲጠፋ እሱን ይጠሩታል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሊያስወጣው አልቻለም።

በ1990 የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በአዲስ መልክ ሲጀመር አንድ የመንግሥት ድርጅት ክለብ ወሰደው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል፤ የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ስላለ። በዚያ ዘመን በብዙ የድርጅት ክለቦች ተጫዋች ማለት የድርጅቱ ሠራተኛ ማለት ነበር። እሱም የተቀጠረው በተላላኪነት የሥራ መደብ ነው። የወር ደመወዙ 320 ብር ነበር። ጠዋት ልምምድ ይሠራል፤ ከሰዓት አንዳንዴ ቢሮ ገብቶ ደብዳቤ ያደርሳል። በየወሩ ለጡረታ 4 በመቶ ይቆረጥበታል። 12 ብር ከ80 ሳንቲም ማለት ነው። በልጅነቱ ይህ ቁርጥ እንዴት ያናድደው እንደነበር እየሳቀ ያወራል። ሂሳብ ክፍል ድረስ ሄዶ «እኔ ገና ልጅ ነኝ፣ ጡረታ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ተከራክሯል። ሂሳብ ያዟ ፈርም ብላ አባረረችው።

በ1994 መጨረሻ ሌላ ክለብ በፊርማ ገንዘብ ጠራው። ለሁለት ዓመት 30,000 ብር። እንዲህ ያለ ገንዘብ ቤተሰቡ አይቶ አያውቅም። ከድርጅቱ ለቆ ሄደ። ማንም አልመከረውም፤ ቢመክረውም የሚሰማ አይመስለኝም። 320 ብር የሚበላ ልጅ 30,000 ብር ሲቆጠርለት ስለ ጡረታ ቁርጥ አያስብም። እናቱ የቤቱን ቆርቆሮ ቀየሩ። ቴሌቪዥን ተገዛ።

ምርጥ ዘመኑ እዚያ ክለብ ነው። በታኅሣሥ 1997 የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ በቡድኑ ውስጥ ነበር። ፍጻሜው ላይ ብሩንዲን 3 ለ 0 ሲያሸንፉ እሱ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ኪጋሊ ሄደ። ሩዋንዳን በገዛ ሜዳዋ 1 ለ 0 ረትተው ዋንጫውን እንደገና ይዘው ተመለሱ። በስታዲየሙ የደጋፊ መቀመጫዎች፣ ከካታንጋ እስከ ሚስማር ተራ፣ ስሙ ሲጠራ የነበረው በዚያን ጊዜ ነው። አንድ ኳስ አንስቶ ሦስት ሰው ካለፈ ስታዲየሙ ይነሳል።

በ2000 ሦስተኛው ክለቡ ውስጥ ጉልበቱ ተጎዳ። የቡድኑ ወጌሻ አሸው፣ አሰረው፣ በረዶ አደረገለት። ሦስት ሳምንት አርፎ ተመለሰ። ጅማቱ ግን ሳይበጠስ አልቀረም፤ በትክክል ታይቶ አያውቅም። ለሁለት ዓመት በማስታገሻ ተጫወተ። በ2002 ጫማውን ሰቀለ። 31 ዓመቱ ነበር።

ኳሱ ሲያልቅ

በመጨረሻው የፊርማ ገንዘብ ከአንድ ዘመድ ጋር ሚኒባስ ገዝተው ነበር። ሹፌር ቀጠሩ። ዕለታዊ ገቢው አንዳንድ ቀን ይመጣል፤ አንዳንድ ቀን ጎማ ፈነዳ፣ ፍሬን ሸማ አለቀ ይባላል። ሦስት ዓመት ሳይሞላ መኪናው ተሸጠ፤ ድርሻው ዕዳ ላይ ዋለ። ከዚያ የስፖርት ልብስ ሱቅ ውስጥ ሰው ተክቶ ሠራ። በደላላነትም ሞከረ። ለዚያ ዓይነት ሥራ የሚሆን ሰው አይደለም፤ ዋጋ ላይ መዋሸት አይችልም።

አንድ ቀን ብቻ ላንሳ። ጥቅምት 4 ቀን 2005፣ ሱዳንን የተቀበልንበት ቀን። ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ነበር። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ አስቆጠሩ፤ 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። እሱ ትኬት ለማግኘት ከሌሊቱ ጀምሮ ተሰልፎ ነበር። በዚያ ሜዳ ላይ ስንት ዓመት ሮጧል፤ በሩ ላይ ግን እንደማንኛውም ደጋፊ ብርድ ልብስ ለብሶ አደረ። «ደስ ብሎኝ አለቀስኩ» ብሎኛል። «ማታ ቤት ስገባ ግን ነገ ጠዋት የት እንደምሄድ አላውቅም ነበር።»

ከ2009 በኋላ የሰፈር ልጆችን ማሠልጠን ጀመረ። ወላጆች የቻሉትን ያዋጡለታል። በ2011 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍ) ዲ ላይሰንስ፣ ማለትም የአሠልጣኝነት ፈቃድ፣ ወሰደ። ይህ በራሱ ጥረት ያገኘው የመጀመሪያ ወረቀት ነው። በላስቲክ ሸፍኖ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል።

ችግሩ በትክክል ምን ነበር?

በ2015 አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የታዳጊዎች አሠልጣኝ ማስታወቂያ አወጣ። የትምህርት ማስረጃ፣ የአሠልጣኝነት ላይሰንስና አግባብ ያለው የሥራ ልምድ ይጠይቃል። የ12ኛ ክፍል ማስረጃውን ከትምህርት ቤቱ በሁለት ቀን አወጣ። ላይሰንሱ አለው። ልምዱ ግን በቃል ብቻ ነው ያለው። የመጀመሪያው ድርጅት ሲለቅ የሥራ ልምድ ደብዳቤ አልጠየቀም። ሁለተኛው ክለብ ፈርሷል። ሦስተኛው አለ፤ ነገር ግን አስተዳደሩ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል። የያኔዎቹን ተጫዋቾች ውል ማን እንደያዘ የሚያውቅ የለም። የውል ኮፒ ለእሱ ተሰጥቶት አያውቅም፤ ፈርሞ ወጣ፣ በቃ።

ለውድድሩ እንኳ አልደረሰም፤ ምዝገባው ላይ ወደቀ። ሁለተኛ ጊዜ በ2016 ሞከረ። ያው መልስ።

ሁለተኛው ችግር ጡረታ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች በጡረታ ሕግ የታቀፉት በአዋጅ 715/2003 ነው። እሱ ጫማውን የሰቀለው በ2002 ነው። በፊርማ ገንዘብ የተጫወተባቸው ዓመታት በሙሉ ከሕጉ በፊት ወደቁ። ለጡረታ ሊያዝለት የሚችለው ያ 12 ብር ከ80 ሳንቲም የተቆረጠበት ዘመን ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ያንን ዘመን ከቁም ነገር ቆጥሮት አያውቅም። ስለ እግር ኳስ ሕይወቱ ስጠይቀው ሁልጊዜ የሚጀምረው ከሁለተኛው ክለብ ነበር።

ሳጥኑ

በ2017 መጀመሪያ ካዛንችስ ለመልሶ ማልማት ተነሳ። የእናቱ ቤት ከሚነሱት ውስጥ ነበር። ዕቃ ለማውረድ ሰፈር የነበርን ሁላችንም ሄድን። እናቱ ከአልጋ ሥር የቆርቆሮ ሳጥን አስወጡና «ይኼን ለብቻ ያዙልኝ፣ የልጄ ነው» አሉ። ውስጡ ሁለት ሜዳልያ፣ የቡድን ፎቶዎች፣ የድሮ ፓስፖርትና አንድ የተቀደደ የሠራተኛ መታወቂያ ነበር። መታወቂያው ላይ የሥራ መደብ፦ ተላላኪ ይላል። ቁጥር አለው።

እሱ ሜዳልያውን አነሳ። እኔ መታወቂያውን አነሳሁ። የሠራተኛ መለያ ቁጥር ካለ ማኅደር አለ። ማኅደር ካለ ደግሞ የሆነ ምድር ቤት ውስጥ አንድ ሰው ላዩ ላይ ካርቶን ጭኖበት ተቀምጧል ማለት ነው።

የሄድንበት መንገድ

መጀመሪያ ያደረግነው ነገር ቀላል ነው። ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ካፌ ተቀምጠን በአንድ ደብተር ላይ ከ1990 እስከ 2002 እያንዳንዱን ዓመት በየገጹ ጻፍን። በየገጹ ላይ፦ የትኛው ክለብ፣ አሠልጣኙ ማን፣ ቡድን መሪው ማን፣ ደመወዝ የት ይከፈል ነበር፣ ካምፕ ውስጥ ከማን ጋር አንድ ክፍል ያድር ነበር። ሁለት ከሰዓት ፈጀብን። ይህን ደብተር ሳንይዝ ቢሮ ብንሄድ ኖሮ ለሚጠየቀው ጥያቄ ግማሹን አንመልስም ነበር። ሰው ዓመቱን በጨዋታ ነው የሚያስታውሰው፤ መሥሪያ ቤት ደግሞ በወርና በቀን ነው የሚጠይቀው።

ከዚያ ወደ መጀመሪያው ድርጅት ሄድን። ክለቡ ከፈረሰ ቆይቷል፤ ድርጅቱ ግን ስሙን ቀይሮ አለ። የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ በቅጽል ስሙ አላወቀችውም፤ ኳስም አታይም። ይህ ጠቀመን ብል ማጋነን አይሆንም። ቁጥሩን ብቻ ጠየቀች። ለሳምንት ቀጠረችን። ስንመለስ የለም አለች። ሌላ ሳምንት። የለም። በሦስተኛው ሳምንት እሱ ተስፋ ቆርጦ አልመጣም፤ እኔ ብቻዬን ሄድኩ። «በምን ስም ነበር የሚጠራው?» አለችኝ። ያኔ ነው የገባኝ። በቤት ስሙና በአያቱ ስም ነበር የተቀጠረው። በትምህርት ቤትና በፓስፖርት ያለው ስም ሌላ ነው። በዚያኛው ስም ስትፈልግ ማኅደሩ ወጣ። የቅጥር ደብዳቤው፣ የሕይወት ታሪክ ቅጹና የጡረታ ቁርጥ የሚያሳዩ የደመወዝ መክፈያ ሊስቶች ተገኙ። አራት ዓመት ከሰባት ወር።

ስሙ አንድ ሰው መሆኑን ለማረጋገጥ ፍርድ ቤት መሄድ ነበረብን። ምስክር ቆመ፣ ውሳኔ ወጣ። ጊዜ ይወስዳል እንጂ አስቸጋሪ አይደለም።

የፊርማ ዘመኑን ማስረጃ ማግኘት ከዚህ ይብሳል። የሦስተኛው ክለብ ሰዎች ቅን ነበሩ። «ተጫውተሃል፣ ማን ይክዳል? ግን በምን ላይ ተመሥርተን እንጻፍልህ?» አሉት። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ስለዚህ መመሥረቻ ፍለጋ ወጣን።

ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ በድሮ ስሙ ወመዘክር፣ የድሮ ጋዜጦች ጥራዝ አለ። የአዲስ ዘመንን የስፖርት ገጾች ገለጥን። ስምንት ቀን ተመላለስን። አሰላለፍ ውስጥ ስሙ የወጣባቸውን ቀኖች በደብተሩ ላይ መዘገብን፤ የተፈቀደውን ያህል ኮፒ አስደረግን። እሱ መጀመሪያ ላይ ጎሎቹን ይፈልግ ነበር። «ጎሉን ተወው፣ ቀኑን አንብብልኝ» እለዋለሁ። አንድ ከሰዓት ግን ዝም ብሎ አንድ ፎቶ ላይ ብዙ ቆየ። አጠገቡ የቆመው ልጅ ሞቷል። ያን ቀን ሌላ ገጽ አልገለጥንም።

ፓስፖርቱ ኪጋሊ መግባቱንና መውጣቱን የሚያሳይ ማኅተም አለው። ቀኑ ከውድድሩ ጋር ይገጥማል። የ1997ቱ ውድድር እዚሁ ስለነበር ማኅተም የለውም፤ እሱን በጋዜጣው ሞላነው።

ከሁሉም የጠቀመን ግን ያልጠበቅነው ሰው ነው። የሦስተኛው ክለብ የድሮ ትጥቅ ያዥ። ጋሼ አሁን ጡረታ ወጥተዋል፤ ፒያሳ የነበረው ቤታቸውም ፈርሶ ልጃቸው ጋ ነው የሚኖሩት። ሰላም ልንላቸው ነበር የሄድነው። ወሬው ሲነሳ ተነስተው ገቡና ሦስት ወፋፍራም መዝገብ ይዘው ወጡ። በየዓመቱ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የሰጡት ጫማ፣ ካልሲ፣ ቱታ ተጽፏል። ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ የተቀባዩ ፊርማ። «ንብረት ነው የተረከብኩት። ያለ ፊርማ አንድ ካልሲ አልሰጥም ነበር» አሉ። የእሱ ፊርማ በሦስቱም የውድድር ዘመን አለ። ጫማ ቁጥር 40። እሱ ያንን ፊርማ ሲያይ ልጅ ሆነ። «ጋሼ፣ ያኔ ስንት ጊዜ ተጨቃጨቅን በዚህ ፊርማ!» አላቸው። «አንተማ ጫማ አጥፍተህ ሌላ ስጡኝ ትል ነበር» አሉት።

መዝገቡን፣ የጋዜጣውን ኮፒና የሁለት የድሮ አሠልጣኞችን የጽሑፍ ምስክርነት አያይዘን አቀረብን። ክለቡ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው ግማሽ ገጽ ነው።

ያልሠራው

ከዚያ በፊት የሞከርናቸው ብዙ ነገሮች አልሠሩም፤ እነሱንም መጻፍ አለብኝ። የድሮ ደጋፊዎች ፊርማ አሰባስበው ለመሥሪያ ቤቱ አስገብተው ነበር። በጣም የሚያኮራ ወረቀት ነው። መሥሪያ ቤቱ ግን ደጋፊ የሥራ ልምድ ሊሰጥ አይችልም አለ፤ ልክ ነው። አንድ የሬዲዮ ፕሮግራም ላይ ቀርቦ ችግሩን ተናገረ። ብዙ ሰው ደወለ። ብዙዎቹ ገንዘብ እንላክ አሉ። እሱ የፈለገው ሥራ ነበር። ለሁለት ሳምንት ስልኩን ማንሳት ራሱ ሥራ ሆነበት፤ ከዚያ ዝም አለ።

የመታገዣ ጨዋታም ተዘጋጅቶለታል። የተገኘው ገንዘብ የቤት ኪራይና የልጆቹን ትምህርት ቤት ለአንድ ዓመት ከፈለ። ውለታው አይረሳም። ችግሩን ግን ከቦታው አላነቃነቀውም።

የሁለተኛው ክለብ ዓመታት እስካሁን ባዶ ናቸው። ምርጥ ዘመኑ ነው ያልኩት። ክለቡ ሲፈርስ ሰነዱን የተረከበ አካል አላገኘንም። ጋዜጣ አለ፣ የፓስፖርት ማኅተም አለ፣ ሜዳልያ አለ። ደብዳቤ የሚጽፍ ባለ ማኅተም ግን የለም። በኢትዮጵያ ማሊያ ዋንጫ ያነሳበት ዘመን በሥራ ልምዱ ላይ አልተቆጠረም። ይህ እኔን አሁንም ያንገበግበኛል። እሱ ከእኔ ቀድሞ ተቀብሎታል።

የኳስ ዕድሜ

ስለዚህ ነገር መጻፍ አለብኝ ብዬ ስነግረው ትንሽ አቅማማ። ከዚያ «ጻፈው፣ ልጆቹ ይወቁት» አለ።

በ1992 ለወጣት ብሔራዊ ቡድን ምርጫ ተጠርቶ ነበር። ያ ቡድን በ1993 በአርጀንቲናው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና ላይ የተሳተፈው ነው። እሱ የመጨረሻው ምርጫ ላይ ቀርቷል። ለምርጫው ሲመዘገብ ግን አንድ ኃላፊ ዕድሜው ላይ ሦስት ዓመት ቀነሰለት። 1971 የነበረው 1974 ሆነ። ማንም አላስገደደውም፤ ማንም ደግሞ ምን እንደሚያስከትል አልነገረውም። በኋላ ፓስፖርት ሲያወጣ ያው 1974 ገባ። መታወቂያውም በዚያው ቀጠለ።

አሁን ሁለት ሰው ሆኗል። የድርጅቱ ማኅደር 1971 ይላል፤ ሌላው ሁሉ 1974። ለጡረታ የሚታየው መጀመሪያ ሲቀጠር የተመዘገበው ነው ተባልን። ይህ እውነተኛ ዕድሜው ስለሆነ መልካም ነው። ነገር ግን አሁን ያሉት ሰነዶች ሁሉ ከዚያ ጋር መስማማት አለባቸው። የስሙን ጉዳይ በሁለት ወር ጨረስን። የዕድሜው ገና አላለቀም።

ዕድሜ መቀነስ በእኛ አገር እግር ኳስ እንደ ብልጠት ነው የሚታየው። እኔ ብልጠት ነው አልልም። አንድ ልጅ ለአንድ ውድድር ብሎ የሚቀንሳት ሦስት ዓመት፣ በአርባዎቹ ውስጥ እያንዳንዱ ቢሮ በር ላይ ትጠብቀዋለች። ልጁ ደግሞ ያኔ ብቻውን ነው። ዕድሜውን የቀነሰለት ሰው አጠገቡ የለም።

ከዚህ ጉዳይ የወሰድኩት

አንደኛ፣ ለጥቅም ተብሎ ያልተጻፈ ወረቀት ከሁሉ በላይ ይታመናል። የደጋፊዎቹ ፊርማ እሱን ለመርዳት የተዘጋጀ ስለነበር አልተቆጠረም። የጫማው መዝገብ ግን ማንንም ለመርዳት አልተጻፈም፤ ካልሲ እንዳይጠፋ ነው የተጻፈው። የኢሚግሬሽኑ ማኅተምም፣ የደመወዝ ሊስቱም እንዲሁ። ስለዚህ ማስረጃ የጠፋበት ሰው «ማን ይመሰክርልኛል?» ከማለት በፊት «በዚያን ጊዜ ምን ላይ ፈርሜ ነበር?» ብሎ ቢጀምር ይሻላል። የባንክ ደብተር፣ የሆስፒታል ካርድ፣ የሆቴል መዝገብ፣ የንብረት መረከቢያ። ይህ ለኳስ ተጫዋች ብቻ የሚሠራ አይደለም። ክለቡ ወይም ድርጅቱ ለፈረሰበት ማንኛውም ሰው ይሠራል።

ተጫዋች ከክለብ ሲለቅ ክሊራንስ (የመልቀቂያ ወረቀት) ይዞ መውጣት ለምዷል፤ ያለዚያ ሌላ ክለብ አይፈርምም። በዚያው ቀን፣ በዚያው ቢሮ የሥራ ልምድ ደብዳቤም ይጠይቅ። ግማሽ ሰዓት የሚወስድ ነገር ነው። እኛ ያንን ግማሽ ሰዓት ከዓመታት በኋላ ስንፈልገው አንድ ዓመት ከአራት ወር ወሰደብን። የውሉንም ኮፒ ይያዝ። አሁን ያሉ ወጣቶች ስልክ አላቸው፤ ፎቶ አንስቶ ለእናት ወይም ለሚስት መላክ ይበቃል። የእሱን ሕይወት ያተረፈው የእናቱ ሳጥን መሆኑን አልረሳም። እናቱ ማንበብ አይችሉም። ግን የልጃቸው የሆነ ወረቀት አይጣልም ብለው ያምናሉ።

ስለ ዝናም አንድ ነገር ልበል። ዝናው ጎዳን አልልም። ክለቡ በር የከፈተልን፣ አሠልጣኞቹ በአንድ የስልክ ጥሪ የመጡት በዝናው ነው። ግን ዝናው ለረጅም ጊዜ አዘናግቶታል። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ሰው ራሱን በወረቀት ማሳወቅ እንደ ውርደት ይቆጥረዋል። መጀመሪያ ላይ «እኔን አላወቅሽኝም?» ብሎ ቢሮ ውስጥ የተናደደበት ቀን ነበር። ሠራተኛዋ ጥፋት የለባትም። ይህን ራሱ ነው የነገረኝ፤ ካረመኝ ሁለት ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። እኔ ሠራተኛዋን ወቅሼ ጽፌ ነበር።

ክለቦችን በተመለከተ፣ ሲፈርሱ ሰነዳቸውን የሚረከብ አካል መኖር አለበት። በከተማችን ስንት ክለብ እንደፈረሰ ኳስ ወዳድ ሁሉ ያውቃል። ዋንጫው ወደ አንድ ሰው ቢሮ ይሄዳል። የተጫዋቾቹ ማኅደር ወዴት እንደሚሄድ ማንም አይጠይቅም።

አሁን ያለበት ሁኔታ

በ2018 መጀመሪያ ላይ ተቀጠረ። መደቡ የታዳጊዎች አሠልጣኝ ነው። ደመወዙ ትልቅ አይደለም፤ በየወሩ ግን ይመጣል። ጡረታ 7 በመቶ ይቆረጥበታል፤ ቀጣሪው 11 በመቶ ይጨምራል። የመጀመሪያውን ወር የደመወዝ ወረቀት ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ከቁርጡ ሥር በእስክሪብቶ አስምሮበታል።

የድሮዎቹ አራት ዓመት ከሰባት ወር እንዲያያዙለት አመልክተናል። ተቀባይነት ካገኘ፣ 10 ዓመት ለመሙላት ከአዲሱ ቅጥር ጀምሮ አምስት ዓመት ከአምስት ወር መሥራት አለበት። ሚስቱ ይህን ሂሳብ ከሁላችንም በላይ በደንብ ታውቀዋለች። 10 ዓመት ሳይሞላ አንድ ነገር ቢደርስበት ለእሷና ለልጆቹ ዘላቂ አበል እንደማይኖር ሰምታለች። ስለ ኳስ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። ስለዚህ ነገር ግን ትደውልልኛለች።

ጠዋት ጠዋት ጃንሜዳ ነው የሚገኘው። ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ ነበር። ለአዲስ ተመዝጋቢ ልጆች የልደት ካርድ ይዛችሁ ኑ ብሎ ወላጆችን ሰብስቧል። አንድ አባት ጠጋ ብለው «ኮች፣ ትንሽ ዓመት ዝቅ ብናደርገው አይሻልም ወይ?» አሉት። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ከሜዳው ዳር ወዳለው ድንጋይ ወሰዳቸውና አብረው ተቀመጡ። የሚያወሩትን አልሰማሁም። ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ ጉልበቱን ሲያሳያቸው ግን አየሁ። ቆይተው ሰውየው ተነሱና የልጃቸውን ካርድ እንዳለ አስረከቡ።

ጉልበቱ እስካሁን አልታከመም። በቀጣዩ ወር ለኤምአርአይ ቀጠሮ አለው።